በገዛ ቤት ማርጀት

እናቴ በምትኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለች። ማን እንዳስቀመጣት የሚያውቅ የለም። ልጆቹ አይጫወቱባትም፤ ደረጃውን የምታጸዳው ሴትም ጠርጋ ወልውላ መልሳ እዚያው ታኖራታለች። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ ታርፍባታለች። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርም እንዲሁ። አንዳንድ ቀን ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። መምህሩ ብድግ ብለው «ኖር!» ይሏታል፤ እሷም «በእግዜር፤ ኧረ በሞቴ ይቀመጡ» ትላቸዋለች።

ዕጣው የወጣላት በ2000 ዓ.ም. ነው። ያኔ 52 ዓመቷ ነበር። አራተኛ ፎቅ እንደደረሳት ስትሰማ «አየር አለው፣ አቧራ የለውም፣ ሌባም አይደርስበትም» ብላ እልል አለች። ሊፍት የሌለው መሆኑን ያነሣ ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ መገንባት የጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ዛሬ እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ሕንፃው ያው ነው፤ ጉልበቷ ግን ያው አይደለም።

በሀገራችን ስለ እርጅና ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ጧሪ ነው። ወልዶ ያሳደገ ጧሪ አለው ይባላል፤ ላልወለደው «ማን ይጦረዋል?» ተብሎ ይታዘንለታል። የዛሬው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቤሩት ነው። ገንዘቡ በሐዋላ በዚያው ቀን ይደርሳል። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የወደቀችን እናት ደግፎ የሚያነሣ እጅ ግን በሐዋላ አይላክም። እዚሁ ከተማ ያለውም ልጅ ቢሆን ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ የሚገባ፣ የራሱን ልጆች ለማሳደግ የሚሯሯጥ ነው። ይህን ያልኩት ልጆችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

«እርጅና ብቻህን ና» የምትል አባባል አለችን። በሽታን፣ ድህነትንና ብቸኝነትን አስከትለህ አትምጣ ማለት ነው። ልመናዋ ደስ ትለኛለች። ነገር ግን እርጅና ብቻውን እንዲመጣ መንገዱን የሚጠርግለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ራሳችን ነን። ጊዜውም ከ55 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ያኔ ደመወዙ ገና አልተቋረጠም ወይም በቅርቡ ነው የተቋረጠው፤ ከበያጅ ጋር ተከራክሮ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል፤ አምፖል ለመቀየርም ሰው አይለመንም። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ የሚደረግ ዝግጅት ወጪው ይበዛል፣ ጥቅሙ ያንሳል።

ራስን ችሎ መኖር ስል ሰው ሳይጠሩ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስን፣ ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራትን፣ ቤቴ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን ራስ መወሰንን ማለቴ ነው። የምታግዝ የቤት ሠራተኛ ወይም አብሮ የሚያድር የልጅ ልጅ ቢኖር ይህ ነፃነት አይጓደልም።

ከመታጠቢያ ቤት ልጀምር። እናቴ የወደቀችው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማታ ሞልታ ያስቀመጠችው ባልዲ አፍስሶ ሴራሚኩን አርሶታል። እግሯ ሲያንሸራትታት የእጅ መታጠቢያውን ሳህን ያዘች፤ እሱም ከግድግዳው ተነቅሎ አብሯት ወደቀ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቷ ለኪዳን አብረው ሊሄዱ መጥታ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ የተሰማት ማቃሰት ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው፤ እኔ የምኖረው ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ተሰብሮ ተገባ። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ «ዳሌዋ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመስግኑ» አለን፤ ቀለል አድርጎ የተናገረው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ገባኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ። ከድንገተኛ አደጋዎች ይህን የሚበልጠው የትራፊክ አደጋ ብቻ ነው፤ ከሚሞቱት መካከልም ቁጥሩ የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመያዣ ብረት አሠራን። ከውጭ የሚመጣው ውድ ነው፤ የሰፈር ብየዳ ቤት ግን ክብ የቱቦ ብረት ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ላሜራ በይዶ በአንድ ቀን ያደርሰዋል። ብረቱ በጭብጥ ሙሉ የሚያዝ ይሁን፤ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ቀለሙ ከግድግዳው የተለየ መሆን አለበት፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ነጭ ብረት በነጭ ሴራሚክ ላይ አይታየውም። ከፍታውን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። ብረቱን የምትይዘውን እናት መጸዳጃው መቀመጫ ላይ አስቀምጣችሁ «ተነሺ» በሏት፤ እጇ በራሱ የሚዘረጋበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አተካከሉ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። በተራ ፊሸር የታሰረ ብረት ፎጣ ይችል ይሆናል፤ የሚወድቅ ሰው ሲንጠለጠልበት ግን የእናቴ መታጠቢያ ሳህን እንደሆነው ይሆናል። የሚያስተማምነው ግድግዳውን ወዲያና ወዲህ በስቶ ረጅም ቡሎን ማሳለፍ፣ በወዲያኛው ወገን ላሜራ ደርቦ በዳዶ ማጥበቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ አንድ ጎልማሳ ሰው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይንጠልጠልበት። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ለበያጁ ገንዘቡን አትክፈሉ።

ወለሉ ላይ የነበረውን የጨርቅ ምንጣፍ አንሥተን ወለሉን የሚይዝ የጎማ ምንጣፍ አደረግንበት። ነጠላ ጫማዋን ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ለወጥነው። ገላዋን አሁን የምትታጠበው እግሮቹ ጎማ ባላቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ መጀመሪያ «እንደ ሕፃን?» ብላ አኩርፋ ነበር፣ በሳምንቱ ግን ወደደችው። አልጋዋ ራስጌ የእጅ ባትሪ በገመድ ታስሯል። መተላለፊያው ላይ ደግሞ ቻርጅ የሚያጠራቅም አምፖል ገብቷል፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ራሱ ይበራል።

ኮንዶሚኒየም የሌለው፣ በቀበሌ ቤት ወይም በግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ፈተናው ሌላ ነው። መጸዳጃው ውጭ ነው፣ መቀመጫ የለውም፣ መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው። ለዚህ አናጺ የሚሠራው፣ መሀሉ የተበሳና መደገፊያ ያለው ወንበር በጣም ይረዳል። ለሌሊት ፖፖ ማኖርም ሊያሳፍር አይገባም። ይህን በግልጽ የምጽፈው አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ብዙ አሮጊቶች ሌሊት ላለመነሣት ሲሉ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ውሃ አይቀምሱም። ውሃ የጎደለው ሰውነት ግን ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ የሽንት ቧንቧው በቀላሉ ይቆጣል። መጸዳጃው ሲመች ውሃውም ይጠጣል።

ሌላው የቤት ውስጥ ጣጣ ጀሪካን ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ያንን ጎንበስ ብላ የምታነሣ የ65 ዓመት ሴት ወገቧን ዕለት ዕለት እየቆረሰች ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖችን ማብዛትና ወገብ በሚደርስ መደርደሪያ ላይ መደርደር ወጪው ጥቂት ነው። ዘወትር የሚፈለጉትን ድስትና ሽሮ ዕቃም ከላይኛው ቁም ሣጥን አውርዱላቸው፤ በርጩማ ላይ ቆሞ መንጠራራት ይቅር። የበር ደፍ ካለ ወይ ይነሣ፣ ወይ ደማቅ ቀለም ይቀባ።

ደረጃውስ? ደረጃውን ማፍረስ አይቻልም። በሁለቱም ወገን የሚያዝ ብረት እንዲኖረው፣ በየመታጠፊያው አምፖል እንዲበራ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ገንዘብ ቢያወጣ ገንዘቡ አይቆጭም። እንደ እኔ ግን እናቴ 60 ዓመት ሲሞላት ልንመክራት ይገባ የነበረው አራተኛ ፎቋን አከራይታ ምድር ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ እንድትከራይ ነበር። ዛሬም የምንመክርበት ጉዳይ ነው። ይህን ያሰበ ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ይወቅ፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከ2 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። ተከራይን ሲመርጡም ሲከራዩም ሁለት ዓመት አስበው መሆን አለበት።

ቤቱ ይህን ያህል ከተሰናዳ ወደ ሰውነት እንለፍ። አሁን የተቀመጡበትን ወንበር ተጠቅመው ራስዎን መፈተን ይችላሉ። ወንበሩን ግድግዳ ያስደግፉት፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ ምንም ሳይደገፉ ብድግ ቁጭ ይበሉ፤ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነሡ? አሜሪካ ውስጥ በሐኪሞች የሚሠራበት መለኪያ ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 በታች፣ ወንድ ከ14 በታች ከሆነ የመውደቅ ሥጋት አለበት ይላል። ከ70 እስከ 74 ላሉት ቁጥሩ 10 እና 12 ነው። የጭን ጡንቻ በማንኛውም ዕድሜ ይጠነክራል። ያንኑ ወንበር ይዞ በየቀኑ ብድግ ቁጭ ማለት ራሱ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። በየዕለቱ የሚሰግድ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ሳያስበው ጭኑንና ጉልበቱን እያሠራ ነው። ስግደቱን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪከለክለው እንዳይተወው፣ ሲከብደውም ወንበር ይዞ እንዲቀጥል እመክራለሁ።

ዓይንን አደራ። በሀገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። «እርጅና ነው» ብለው ጭጋግ ውስጥ የተቀመጡ ስንት አባቶች አሉ! የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው በዓመት አንድ ጊዜ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ያሳዩ። የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ሲነሡ ሊያዞሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከአልጋ ሲነሡ ጫፉ ላይ ጥቂት ቁጭ ብሎ እግርን ማወዛወዝ፣ ከዚያ መቆም ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ አበሉን ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይይዛል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከ70 ከመቶ ግን አያልፍም። 30 ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ ደመወዙ 10 ሺህ ብር የነበረ ሰው የሚያገኘው 5 ሺህ 500 ብር ነው ማለት ነው። የትራንስፖርትና የቤት አበል በስሌቱ አይገባም። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከእሱ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ በየወሩ በትክክል ገቢ መደረጉን ጡረታው ሳይደርስ ሄዶ ያጣራ።

ወረቀቱም ቢሆን የሚሠራው አእምሮ ጤናማ ሳለ ነው። ኑዛዜን መናዘዝ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በዚህ ፍርሃት ስንት ወንድማማች ፍርድ ቤት ቆሟል! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በራስ እጅ ሙሉ በሙሉ የተጻፈ ኑዛዜም ይጸናል፤ ሆኖም በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። ለልጅ ውክልና ሲሰጥ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ እንደማያስችል ይታወቅ፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ወይም ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ያበቃል። «ውክልና ስለሰጠሁ ኑዛዜ አያስፈልገኝም» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው ነው። ከፒያሳና ከሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ተነሥተው አዲስ ሰፈር የገቡ አረጋውያን ከሁሉ የሚቆጫቸው ቤቱ እንዳልሆነ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «ቡና ጠጡ» ብለው የሚጠሩት ሰው ነው ያጡት። አዲስ ቤት ሲገቡ በመጀመሪያው ወር ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ያሉትን ቡና ጠርተው ይተዋወቁ። ትርፍ ቁልፍ አንድ እምነት የሚጣልበት ጎረቤት ጋ ይቀመጥ፤ የኛ በር የተሰበረው ቁልፉ ሩቅ ስለነበረ ነው። በእናቴና በጎረቤቷ መካከል አሁን ስምምነት አለ፤ ጧት እስከ 1 ሰዓት የእናቴ መጋረጃ ካልተከፈተ ጎረቤቷ ታንኳኳለች። ባለ በተን ትንሿ ስልክ አንገቷ ላይ ተንጠልጥላ መታጠቢያ ቤት ድረስ ትገባለች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 በትልቅ ቁጥር ተጽፈው በሩ ጀርባ ተለጥፈዋል።

የወደቀ ሰውም የሚያደርገውን አስቀድሞ ይወቅ። ዳሌ ወይም ጭን ካመመ አለመንቀሳቀስ፣ የተገኘውን ጋቢ መልበስ፣ ወለሉን መደብደብ ነው። ሕመም ከሌለ በጎን ተንከባሎ በእጅና በጉልበት መቆም፣ ወደ ጠንካራ ወንበር መዳህ፣ እጅን ወንበሩ ላይ ጭኖ ጠንካራውን እግር አስቀድሞ መነሣት ነው። ይህን በደህና ቀን፣ ሰው ባለበት፣ አልጋ አጠገብ መለማመድ ይቻላል።

በገዛ ቤት መኖር የማይቻልበት ጊዜም ይመጣል። ምድጃውን ለኩሶ የሚረሳ፣ ወጥቶ መመለሻው የሚጠፋው ሰው ብቻውን ሊያድር አይገባም። ይህ ቀን ቢመጣ የት እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ከልጆች ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ሰው ለሌላቸው እንደ መቄዶንያ ያሉ አረጋውያንን የሚጦሩ ማዕከላት ደግ ሥራ ይሠራሉ፤ ልጅና ዘመድ ያለው ሰው ግን ውሳኔውን እስከዚያ ማድረስ የለበትም።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ድንኳን አላችሁ፣ ወንበር አላችሁ፣ የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ታውቃላችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ትሰበሰባላችሁ። አባል ሲሞት ለቀስተኛው ሁሉ ይመጣለታል፤ ሲወድቅ ግን ብቻውን ነው። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አንዲት አጀንዳ ያዙልን፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት ስም ዝርዝር ይውጣ፤ ለእያንዳንዳቸውም ጧት ጧት በራቸውን የሚያንኳኳ አንድ ቅርብ ጎረቤት ይመደብላቸው።